መልስ፦ አፈር እና መሬት አንድ ናቸው?

ሰላም። በአፈርና በመሬት መካከል ልዩነት አለ ወይ፣ "ለም አፈር" እና "ለም መሬት"ስ አንድ ነው ወይ ብለህ ለጠየቅከው፣ ልዩነት አለ።

አፈር ቁስ ነው። ከተፈረካከሰ ዓለት፣ ከበሰበሰ ቅጠል፣ ከውሃና ከአየር የተሠራ። በእጅ ይዘገናል፣ በአካፋ ይዛቃል። መሬት ግን ቦታ ነው። በሄክታር ወይም በጥማድ ይለካል፤ ይወረሳል፣ ይከራያል፣ ድንበሩ ይገፋል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት የሆነው የገጠር መሬት ነው። መፈክሩም "መሬት ለአራሹ" ነበር።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ገበሬው ማሳ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከጎጃም ተዳፋት ጠርጎ ወደ ዓባይ የሚወስደው አፈሩን ነው። መሬቱ እዚያው አለ። የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስፋት አንድ ክንድ አይጎድልም፤ ምርቱ ግን ያሽቆለቁላል። የሚያሳዝነውም ይሄ ነው። አፈር አሲዳማ ሲሆንም እንደዚያው፤ ኖራ የሚበተነው አፈሩን ለማከም ነው። ዋልካን ደግሞ እይ፦ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው እግር ላይ ይለጠፋል። ይህ የአፈሩ ጠባይ ነው። ተዳፋት፣ ሜዳ፣ ረግረግ ስትል ግን የምታወራው ስለ መሬቱ ነው።

"ለም መሬት" ብትል አልተሳሳትክም፤ አፈሩ ለም የሆነ ቦታ ማለትህ ነው። "አፈር ገዛሁ" ካልክ ግን ሰሚህ የሚያስበው ለአበባ መትከያ በጆንያ የመጣውን ነው።