ለመመርመር ብላችሁ ደም አትለግሱ

ልጆቼ፣ ደም ልትለግሱ ተሰልፋችሁ ሳይ ደስ ይለኛል። አንዳንዶቻችሁ ግን «እግረ መንገዴን በነፃ እመረመራለሁ» ብላችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ዕድሜዬን በደም ምርመራ ላቦራቶሪ ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝና ስለዚህች ነገር ላጫውታችሁ።

የለጋሽ ደም ሁሉ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ሄፓታይተስ ቢና ሲ ጉበትን የሚያጠቁ ቫይረሶች ናቸው። 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ከየሰው ደም የተለየ ፈሳሽ እንጨምራለን። በሽታ የሌለበት ጉድጓድ ጥርት ብሎ ይቀራል፤ ወደ ቢጫ ካደላ ግን የዚያ ሰው የደም ከረጢት ይገለላል። በእኔ ሳህን ላይ ከሁሉ የምትበዛው የሄፓታይተስ ቢ ቢጫ ነበረች፤ ባለቤቷም አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማያመው ጎረምሳ። «የወፍ በሽታ» ሲባል የሰማው ዓይን ቢጫ ሲሆን ነውና፣ ዓይኑ ነጭ ከሆነ ጉበቱም ደህና ይመስለዋል።

ሳህኑ የማያየው ጊዜ አለ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ምርመራው የሚፈልገው ምልክት በደም ውስጥ ገና አይገኝም፤ የሄፓታይተስ ሲ አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው ነገር) እስኪታይ ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። (ሲ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ ደም ለእሱ ሳይመረመር ያልፍ ነበር።)

አንድ ወጣት ደም በሰጠ በአራተኛው ቀን ውጤቱን ሊሰማ መጣ። ነፃ ነህ አልኩት። «ተመስገን! ከሦስት ሳምንት በፊት ሰፈር ውስጥ ተነቅሼ ፈርቼ ነበር» አለኝ። ቅጹን አወጣሁ፤ ስለ ንቅሳት በተጠየቀበት ቦታ «የለም» ብሏል። ወደ ማቀዝቀዣው ሮጥኩ። ቀዩ ደም አልወጣም ነበር፤ አነሳሁት። ከዚያው ደም የሚለየው፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት ግን ከአምስት ቀን በላይ አይቆይም፣ ቀድሞ ይወጣል። ወደ ሆስፒታሉ ስደውል «ትናንት ለሕፃን ተሰጠ» አሉኝ። ወጣቱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ እኔም የምለው ጠፋኝ።

ጥርጣሬ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ተመርመሩ እንጂ ወደ ለጋሾች ወንበር አትምጡ። ነርሷ ስለ ምላጭ፣ ስለ ንቅሳት፣ ስለ ግብረ ሥጋ ስትጠይቃችሁም አትቆጡ፤ ሳህኑ የማያያቸውን ሳምንታት የምትጠይቀው እሷ ናት። ምርመራው አንዳች ነገር አግኝቶ ስልክ ከተደወለላችሁ ደግሞ አንሱ። ለሲ የሚፈውስ ኪኒን አለ፤ ለቢ ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት፣ ለቤተሰብም ክትባት አለ። እኛ ስንደውል ስንቱ ስልኩን ዘጋብን መሰላችሁ!