«ታይፎይድና ታይፈስ በየጊዜው ይወጣብኛል» እና ሌሎች የላብራቶሪ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ያተኩሰኛል፣ ራሴን ያመኛል፣ ይቆረጥመኛል። ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር ደም ይቀዳና «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» እባላለሁ። ሲፕሮም ዶክሲም ወስጃለሁ፣ መርፌም ተወግቻለሁ። ይሻለኝና ከወር ከሁለት ወር በኋላ ይመለሳል። ባለፈው ወረቀቱ ላይ 1፡160 ይላል። ይሄ በሽታ ከደሜ የማይወጣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደምሽ አልወጣ ያለው ነገር በሽታው ላይሆን ይችላል። የተደረገልሽ ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ አንዴ ከተሠራ በሽታው ከዳነ በኋላም ለወራት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ፖዘቲቭ መውጣቱ ዛሬ ታመሻል ማለት ብቻ አይደለም፤ አምና ታመሽ ነበርም ሊሆን ይችላል።

አሠራሩን ብታዪው ነገሩ ይገባሻል። ደምሽ ቱቦ ውስጥ ይረጋና ሴንትሪፊዩጅ ላይ ይሽከረከራል፣ ከላይ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል፤ ሴረም የሚባለው እሱ ነው። ከሱ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ይደረጋል። አጠገቡ ከትንሽ ጠርሙስ ሌላ ጠብታ ይጨመራል፣ እሱ የተገደለና ቀለም የተቀባ የታይፎይድ ባክቴሪያ ነው። ሁለቱ በስንጥር ይደባለቁና ባለሙያው ስላይዱን ለአንድ ደቂቃ ያህል ወዲያ ወዲህ ያወዛውዘዋል። ደቃቅ ፍርፋሪ ከታየ ፖዘቲቭ፣ እንደ ለሰለሰ ከቀረ ኔጋቲቭ ይባላል። ደቂቃው አልፎ የጠብታው ጠርዝ መድረቅ ሲጀምር ግን ያልነበረ ፍርፋሪ መታየት ይጀምራል፣ ወረፋ በበዛበት ቀን አምስት ስላይድ በአንዴ ደርድሮ የሚያነብ ሰው ይሄንን መለየት ይከብደዋል። ዊዳል የሚባለው ይሄ ነው። ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ስሙም የፈረንሳዊው ሐኪም የፈርናንድ ዊዳል ነው።

የታይፈሱ ምርመራ ደግሞ ይብሳል። ዌይል ፌሊክስ ይባላል። ጠርሙሱ ውስጥ የታይፈስ ጀርም የለም፤ ያለው ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ በአጋጣሚ የታይፈስ አንቲቦዲ ስለሚይዘው ብቻ ለምርመራ ዋለ። ፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ያ ብቻ ፖዘቲቭ ሊያደርግሽ ይችላል። ደግሞም ታይፎይድ የሚመጣው ከተበከለ ምግብና ውሃ ነው፣ ታይፈስ ከቅማልና ከቁንጫ። ሁለቱ ተቀጣጥረው በዓመት አራቴ አንቺ ላይ ይመጣሉ ማለት እኔ በበኩሌ አይዋጥልኝም።

1፡160 የሚለው ሴረሙ 160 ጊዜ ቀጥኖም ፍርፋሪው ታየ ማለት ነው። በሽታው በሚዘወተርበት አገር ጤነኛ ሰውም ይሄ ቁጥር ሊወጣለት ይችላል። ቁጥሩ የሚናገረው ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ሁለተኛ ደም ሲቀዳና ከመጀመሪያው አራት እጥፍ ሲያድግ ነው፣ ለምሳሌ ከ1፡80 ወደ 1፡320። ታይፎይድን በደንብ የሚያረጋግጠው ግን የደም ካልቸር ነው፤ ባክቴሪያውን ራሱን ከደም ላይ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ ማለት ነው። በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ሳይወሰድ። በየጤና ጣቢያው አይገኝም፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ሊጠይቅ ይችላል፤ በየጊዜው ለማያስፈልግ መድኃኒት ከምታወጪው ብር ጋር ስታስተያዪው ግን ያዋጣል።

አሁን ወደ አንቺ ሰፈር ልምጣ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል። «ይሻለኝና ይመለሳል» ያልሽው ይሄንን አስታወሰኝ። ዶክሲ ደግሞ ወባንም በከፊል ያዳክማል፣ ስለዚህ ዶክሲ ወስደሽ መሻልሽ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ነበረብሽ ለማለት አይበቃም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲያተኩስሽ ምንም ክኒን ሳትውጪ ሂጂና ቢኤፍ የሚባለው የወባ ምርመራ ይሠራልኝ በይ። ከጣትሽ የሚወሰድ ጠብታ ደም ነው፣ ስላይድ ላይ ይደርቅና በጊምሳ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እዚያው ስላይድ ላይ ግርሻም ሊገኝ ይችላል፤ በቅማል የሚተላለፍ፣ ለቀቅ አድርጎ የሚመለስ ትኩሳት ነው፣ ጀርሙ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ይመስላል። መጀመሪያ ኔጋቲቭ ከሆነና ትኩሳቱ ከቀጠለ በማግስቱ ይደገም። ቪቫክስ ከተገኘ የጉበቱን የሚያጠፋ ሌላ መድኃኒት ስላለ ስለሱ ጠይቂ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ። ጥሬ ወተት የምትጠጪ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፣ ከከብት የሚመጣ ብሩሴላ የሚባል በሽታም እንዲህ እየተመላለሰ ያተኩሳል። የድሮ ወረቀቶችሽን አትጣያቸው፣ ይዘሻቸው ሂጂ።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ነዋሪ ነኝ፣ ዕድሜዬ 56። ሄሞግሎቢኔ (ኦክስጅን ተሸካሚው የቀይ ደም ክፍል) 17.3 ወጣ። አንዱ ባለሙያ «ደም በዝቶብዎታል፣ ሥጋ ይተዉ» አለኝ፣ ሌላው «አገሩ ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ አለፈው። የቱን ልመን?

መልስ፦ ጋሼ፣ የሁለተኛው ንግግር እውነት አለው፣ ግን ጉዳዩን አይዘጋውም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ኦክስጅን ያንሳል። ኩላሊት ይሄንን ሲያውቅ ቀይ ደም እንዲመረት መቅኒን የሚያዝ ሆርሞን ያመነጫል። የዓለም ጤና ድርጅትም ደም ማነስን ሲለካ ለከፍታ ማስተካከያ ያደርጋል፣ በእናንተ ከፍታ ከ1 ግራም በላይ ይሆናል።

የኛ አገር ደገኛ ግን ለየት ይላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ ተወልደው የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ የወንዶቹ አማካይ 15.9 ሆኖ አግኝቶታል። ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይርቅም። በዚያ ከፍታ ላይ ያሉት 15.9 ከሆኑ የእርስዎን 17.3 በደጋነት ብቻ ማለፍ አልችልም። ሐኪሞችም ወንድ ላይ ከ16.5 ካለፈ ጠጋ ብለው ያዩታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይድገሙት። ውሃ በደንብ ጠጥተው፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት በሌለበት ቀን፤ ሰውነት ሲደርቅ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሲጋራ ካጨሱ ይንገሩ፣ ማታ ማታ ትንፋሽ እየቆረጠ የሚያንኮራፋዎት ከሆነም እንደዚሁ። ሥጋ መተው መፍትሔ አይደለም፤ የአይረን ክኒን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከታጠቡ በኋላ የሚመጣ የቆዳ ማሳከክ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ተማሪ ነኝ። ሦስት ቱቦ ደም ቀዱኝ። ይሄ ሁሉ ለምን? ደሜስ አያልቅም?

መልስ፦ አያልቅም ወንድሜ። ሦስቱ ቱቦ ተደምሮ 15 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፣ ያንተ ደም ደግሞ 5 ሊትር አካባቢ ነው። ደም የሚለግስ ሰው በአንዴ ወደ 450 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ቱቦው የሚለያየው ውስጡ ያለው ነገር ስለሚለያይ ነው፦ ሐምራዊ ክዳን ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል አለው፣ ለሲቢሲ (ለደም ሴሎች ቆጠራ) ነው፤ ቀዩ እንዲረጋ ይተዋል፣ ለጉበት፣ ለኩላሊትና ለመሳሰለው። ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ አይቻልም፣ ውጤቱ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ እናቴ ደብረ ሲና ነው ያለችው፣ የስኳር ክኒን ትወስዳለች። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ስለምትጾም በዚያው በጾሟ 9 ሰዓት ላይ ብትመረመር አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። የጾም ስኳር የሚለካው ከ8 ሰዓት ያላነሰ ሳይበላ ቆይቶ ጠዋት ላይ ነው። ማታ 2 ሰዓት በልታ ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ብትደርስ በቂ ነው። ለምርመራው ውሃ ብትጠጣ ችግር የለውም፣ ቡናና ሻይ ግን ይቅር። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ከ100 በታች ጤናማ ነው፣ ከ100 እስከ 125 መሀል ላይ፣ 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከተገኘ ስኳር ነው።

ደሙ ከተቀዳ በኋላም ጊዜ አለው። ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ሆነው ስኳሩን መብላት ይቀጥላሉ፣ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ጠዋት ተቀድቶ ከሰዓት የሚሠራ ከሆነ ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ መቀዳቱን ጠይቂላት። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ጭራሽ ጾም አይፈልግም፣ ደም ማነስ ካለባት ግን ቁጥሩ ሊያሳስት ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገር።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ክኒኗን ውጣ እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ስኳሯ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ጾሙ ሳይገባ ሐኪሟንም የነፍስ አባቷንም ታማክር። ላብ ካጠመቃት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ንግግሯ ከተዘበራረቀ ሰዓት አይታይ፤ መዋጥ የምትችል ከሆነ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ስጧት፣ ካልቻለች ምንም አፏ ውስጥ ሳትጨምሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።