ልጆቹ ማሪና ውስጥ ይዋኙ?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በሸራ ጀልባ እየተጓዝን ነው። ነገ አንድ ማሪና (የጀልባዎች ማቆሚያ ወደብ) ውስጥ እናድራለን። ልጆቹ እዚያው እንዋኝ እያሉ ነው። ልፍቀድላቸው?

መልስ፦ እባክዎ አይፍቀዱ። እዚያ የቆሙ ጀልባዎች ከየብስ ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። አንድ ሽቦ ከተበላሸ ኃይሉ ውኃው ውስጥ ይገባል፤ የሚዋኘው ሰው ጡንቻው ይያዝና ይሰምጣል። አደጋው በዓይን አይታይም። ወንዝ የሚገባበት ማሪና ደግሞ ይብሳል፤ ጨው ባነሰው ውኃ ውስጥ ኃይሉ በሰው ገላ ማለፍ ይቀለዋል። ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ ካዩ ዘለው አይግቡ። ኤሌክትሪኩን ያስጠፉ፣ መንሳፈፊያ ይወርውሩ።

የኔ ልጅ አምስት ዓመቷ ሳለ ተንሳፋፊው መተላለፊያ ላይ ስትሮጥ ውኃ ውስጥ ገባች። ያተረፈልኝ የለበሰችው የሕይወት አድን ጃኬት ነው። እርስዎም ልጆቹ ከጀልባው ከመውረዳቸው በፊት ያልብሷቸው።