ለግሊተሩ መርገፍ መልስ፦ 120 ካርድ የከሰርኩበት ክረምት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለእንቁጣጣሽ 100 ካርድ በእጅሽ ሠርተሽ ልትሸጪ ነው፤ ግሊተሩ፣ ያ የሚያብለጨልጨው ብናኝ፣ ግን እየረገፈ አስቸግሮሻል። «የትኛውን ኮላ ልግዛ?» ነው ያልሽው። ኮላ አትቀይሪ። ያለሽ ነጭ ኮላ ይበቃሻል። እኔም ኮላ ስቀያይር ነው አንድ ወር ሙሉ ያባከንኩት። አንቺንም የያዘሽ የክረምቱ እርጥበትና ጥድፊያ ነው።

ወረቀት እንዴት እንደሚታጠፍ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። ያቃጠለኝን ብቻ በቁጥር ልጻፍልሽ።

1. ኮላው ላይ ውኃ አታብዢ። ውኃ ከበዛ ወረቀቱ ይጣመማል። በብሩሽ ሳሳ አድርገሽ ቀቢና ግሊተሩን ወዲያው፣ ኮላው ገና ነጭ እንደሆነ ነስንሺበት። ኮላው ጠርቶ መስታወት ከመሰለ አልፎሻል፤ ግሊተሩ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል እንጂ አይያዝም። ከሥር መሐሉ ላይ የታጠፈ ወረቀት አንጥፊ። የተረፈው በእጥፋቱ በኩል ወደ ብልቃጡ ይመለሳል።

2. ዓመተ ምሕረቱን ካርዱ ላይ አትጻፊ። ለምን እንደሆነ ከታች ይገባሻል።

3. ማድረቅ። ዋናው ይሄ ነውና ታሪኩን ልንገርሽ።

በ2015 ነሐሴ አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ 120 ካርድ አዘዘኝ፤ አንዱን በ40 ብር። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ነበር። ከደስታዬ ብዛት ቀብድ እንኳን አልጠየቅኩም። ሽፋኑ ላይ አደይ አበባ ሳልኩ። ስምንት ስምንት ቅጠል አድርጌ፣ እያንዳንዷን ቅጠል በኮላ ሞልቼ ቢጫ ግሊተር ነሰነስኩባት፤ መሐሏን ደግሞ ወርቃማ አደረግኳት። ወንድሜ ልጅ እያለ በእንቁጣጣሽ ጠዋት አበባና መልአክ በቀለም ስሎ ለጎረቤት ያዞር ነበር። የእሱን አበባ አስታውሼ ነው የሳልኩት። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ያማረልኝ የለም።

ነሐሴን መቼም ታውቂዋለሽ። ልብስ እንኳን ታጥቦ ሦስት ቀን አይደርቅም። ካርዶቹ አልጋዬ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ቡፌው ላይ ተዘርግተው እኔ መሬት አንጥፌ ነበር የምተኛው። ቀኑ ሲደርስብኝ ከሰል አቀጣጥዬ ምድጃውን ክፍሉ ውስጥ አስገባሁ። ይህን በፍጹም እንዳታደርጊ። በተዘጋ ቤት ከሰል ይገድላል፤ እኔን ራሴን ሲወቅረኝ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ለካርዱም አልጠቀመም። ኮላው ላዩ ቶሎ ደረቀ፣ ሥሩ እርጥብ እንደሆነ ቀረ። በጣቴ ስነካው ግን ደረቅ ነው። ደርድሬ ካርቶን ውስጥ አሸግኳቸውና ጳጉሜን 2 ይዤ ሄድኩ።

የግዥው ሰውዬ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተው። የላይኛውን ካርድ ሲያነሳ የሥሩም ተጣብቆ አብሮ ተነሳ። ሲያላቅቃቸው የአበባው ቅጠል ከነወረቀቱ ተላጠ፤ ቢጫው የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ። ግሊተሩ ጥቁር ኮቱ እጅጌ ላይ፣ ፋይሎቹ ላይ፣ የማህተሙ ቀለም ውስጥ ሳይቀር ገባ። «ይሄን ቆሻሻሽን ሰብስቢና ውጪልኝ» አለኝ። ያውም ሰው ፊት፤ ሦስት ባለጉዳዮች ተቀምጠው ነበር።

ካርዱ አለመድረቁ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ በእጁ የሠራው ነገር ቆሻሻ አይባልም። «አልቀበልም» ቢለኝ ይበቃ ነበር። ጠረጴዛውን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌለት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ያን ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። በቀሩኝ ቀናት 34 ካርድ አድኜ ሰፈር ውስጥ ሸጥኩ። ከሌሎቹም ውስጥ ያልተላጡ ነበሩ፤ ለከርሞ ይሆኑኛል ብዬ አስቀመጥኳቸው። ስከፍታቸው ውስጡ «እንኳን ለ2016 ዘመነ ዮሐንስ በሰላም አደረሳችሁ» ይላል። ቁጥር 2ን ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዷን ካርድ ለብቻዋ፣ ሳልደራርብ፣ በጋ ከሆነ አንድ ቀን፣ ክረምት ከሆነ ሁለት ቀን ሙሉ አስተኛታለሁ። ከዚያ ገልብጬ ጀርባዋን በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ። ያልያዘው ሁሉ ያኔ ይራገፋል። በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ጠርዟን እጠርጋለሁ። ቀጥሎ የፀጉር ስፕሬይ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቄ፣ ሁለት ጊዜ በስሱ። ካበዛሽው ብልጭታው ይደበዝዛል፤ መስኮትም ክፈቺ። በመጨረሻ በየመሐላቸው ስስ ወረቀት አድርጌ ሌሊቱን ከባድ መጽሐፍ እጭንባቸዋለሁ። ጠዋት አንዷን አንስቼ ጥቁር ሹራቤ ላይ አሻታለሁ። ሹራቡ ላይ ብልጭ ያለ ነገር ካየሁ ሁሉንም እንደገና እጠርጋለሁ፣ እንደገና እረጫለሁ።

ለጠርዝና ለቀጥታ መስመር ኮላውን ተዪውና ሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር ተጠቀሚ። መድረቅ የለ፣ መጣመም የለ። ለጽሑፉ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመውን ግሊተር ብቻ ተጠቀሚ። ፍሬው ተለቅ ተለቅ ያለውን ከነሰነስሽ የ«ኳ» የታችኛዋ ሰረዝ ትዋጥና «እንኳን» የነበረው «እንካን» ሆኖ ይነበባል። ይሄ ደርሶብኛል፣ ያውም ለካህን በተሰጠ ካርድ ላይ።

ከውጭ ሰው ይላክልኝ ካልሽ፣ ጀርመን ያለችው እህቴ እንደነገረችኝ እንደ ድሮው አይገኝም። የአውሮፓ ኅብረት የሚበተነውን የፕላስቲክ ግሊተር ለእጅ ሥራ መሸጥ ከከለከለ ቆየ፤ በእነሱ አቆጣጠር ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ነው። በምትኩ ከዕፅዋት የሚሠራውን ነው የላከችልኝ። ለስለስ ይላል፣ ብልጭታውም ትንሽ ይቀንሳል፤ ለአደይ አበባ ግን እኔ ወድጄዋለሁ።

በዓመቱ ጥር ላይ ለአንድ ሰርግ 150 ሠራሁ። ግማሹን ቀብድ ተቀብዬ። ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሶ ካርዱን በእጁ ይዞ ፎቶ ተነሳ። ፎቶውን አጉልቼ እጅጌውን አየሁት፤ አንዲት ብናኝ የለችበትም። ያ ፎቶ እስከ አሁን ስልኬ ላይ አለ።

አንቺም ከማንም መሥሪያ ቤት ቀብድ ሳትቀበዪ ወረቀት እንዳትቆርጪ። እና ደግሞ ቀን ቁጠሪ። ነሐሴ 15 ካለፈሽ 100ውን ተዪውና 50 ሥሪ። የመጀመሪያዋን ስትጨርሺ ጥቁር ልብስ ላይ አሽተሽ ውጤቱን ንገሪኝ።