ካርታው በሟች ስም ያለ ግቢ በባንክ ብድር ልግዛ?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ዘጠኝ የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ግቢ በ3,600,000 ብር እየተሸጠ ነው። አንዱ ክፍል በወር 2,500 ብር ይከራያል፤ ተከራዮቹ ተማሪዎች ናቸው። ግማሹ ገንዘብ አለኝ። የቀረውን ጠባሴ ያለውን የእናቴን ቤት አስይዤ ከባንክ በ18 በመቶ ልበደር አስቤያለሁ። ካርታው በሻጩ ሟች አባት ስም ነው። ሻጩ «በሽማግሌ ፊት እንፈራረም፣ ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ስሙ ቀስ ብሎ ይዞራል» ይለኛል። ከተከራዮቹ የስድስት ወር ቅድሚያ እየተቀበልኩ ዕዳውን እከፍላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቀብድ ካልከፈሉ እሰየው።

ሰውዬው የሟች ልጅ ስለሆነ ብቻ ግቢውን መሸጥ አይችልም። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያውጣ። ስንት ወራሽ እንዳለ የሚታየው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ያገባች እህት ትኖር ይሆናል፣ ዓረብ አገር ያለ ወንድም ይኖር ይሆናል። እናትየው በሕይወት ካሉ ደግሞ የግቢው ግማሽ ቀድሞውንም የእሳቸው ሊሆን ይችላል። አንዳቸው ሳይፈርሙ ከገዙ፣ ከርመው ፍርድ ቤት ይገናኛሉ።

ሽማግሌ ለዕርቅ ነው። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 ይናገራል። ውክልናውም አያስተማምንም። ወካዩ ከሞተ ውክልናው በመርህ ደረጃ እዚያው ያበቃል።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ሊዝን ነው፤ ማለትም የከተማ መሬትን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ መያዝን። ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ መሬት) በውርስ ሲተላለፍ ነባር እንደሆነ ይቀጥላል። በሽያጭ ሲተላለፍ ግን በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ወደ ሊዝ ይገባል። ስለዚህ ወራሾቹ ስሙን አዙረው ሲሸጡልዎ የሊዙ ክፍያ እርስዎ ላይ ይመጣል። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ስንት እንደሚሆን ይጠይቁ። እግረ መንገድዎን ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ ዘጠኙም ክፍሎች በፈቃድ የተሠሩ መሆናቸውን ያጣሩ። ሰርቪስ ቤት ያለ ፈቃድ መቀጠል በኛ ከተማ ብርቅ አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ክፍሎቹ ዓመቱን ሙሉ ቢከራዩ 270,000 ብር ያስገባሉ። ተማሪ ክረምት ሲመጣ አገሩ ይገባል፤ ስለዚህ በአሥር ወር ያስቡት፣ 225,000 ብር ነው። የ1,800,000 ብር ብድር ወለድ ግን በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 320,000 ብር ይጠጋል። ዋናው ዕዳ፣ የኪራይ ገቢ ግብሩና ጥገናው ገና አልተነኩም። ደላላው ይህን አይነግርዎትም።

የስድስት ወሩን ቅድሚያ ይርሱት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ፣ ከተማ አስተዳደሩን ይጠይቁ።

እኔን ያሳሰበኝ የእናትዎ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ዕዳው ካልተከፈለው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በዚህ ሒሳብ ደግሞ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከኪስዎ ሊጨምሩ ነው። ግቢ መግዛቱን ከፈለጉ አነስ ያለ ይፈልጉ። ብድሩ ወደ 900,000 ብር ቢወርድ የዓመት ወለዱ 162,000 ብር ገደማ ነው፤ እሱን ኪራዩ ሊችለው ይችላል። ስሙ ወደ እርስዎ ከዞረ በኋላ የሚገዙትን ቤት ራሱን በመያዣነት ይቀበል እንደሆነም ባንኩን ያነጋግሩ።

ለጊዜው ሻጩን የወራሽነት ማስረጃውን ቅጂ ይጠይቁት። ለማሳየት ካቅማማ እናትዎን ወደ ባንክ አይውሰዷቸው።