ሜትፎርሚን ሴል እንዳይባዛ ያግዳል? ኢንሱሊንስ ያባዛል?

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «እናቴ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር በሽታ ክኒን ይወስዳሉ፤ በቅርቡ ኢንሱሊን ተጨመረላቸው። አንዱ የሰው ሴል እንዳያድግ ያግዳል፣ ሌላው ያባዛል የሚል አነበብኩ። ለካንሰር የትኛው ነው የሚያሰጋው? ያቁሙት?»

በመጀመሪያ፣ ምንም እንዳያቆሙ። ያነበብከው ውሸት አይደለም፤ ግን አብዛኛው ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ስለሚያድግ ሴል የተጻፈ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሰው ሴል ላብራቶሪ ውስጥ በማሳደግ ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ የምነግርህም ከዚያ በኩል ያየሁትን ነው።

ሜትፎርሚን ሴሉ ውስጥ ሲገባ ኃይል የሚመረትበትን ማይቶኮንድሪያ ያዳክማል። ጉልበት ሲያጥር ኤኤምፒኬ የሚባል ፕሮቲን ይነቃል። እሱ ደግሞ «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተላልፈውን ኤምቶርን ይጫነዋል። በማይክሮስኮፕ ስታያቸው ሴሎቹ የግድ አይሞቱም፤ መብዛታቸው ነው የሚዘገየው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን የፈሳሹ ቀለም ነው። ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ ውስጥ አሲድ ሲበዛ ወደ ቢጫ የሚዞር ማቅለሚያ አለ። መድኃኒቱ ያለበት ሳህን፣ ሴሉ ከሌላው ያነሰ ሆኖ እያለ፣ ቀድሞ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ማይቶኮንድሪያው ሲታገድ ሴሉ ጉልበት ለማግኘት ስኳሩን አብዝቶ ይበላና ላክቲክ አሲድ ያወጣል።

ስለዚህ ውጤቱ በፈሳሹ ስኳር ላይ ይንጠለጠላል። ብዙ ላብራቶሪ የሚጠቀምበት ፈሳሽ ስኳሩ በደም መለኪያ ቢነበብ 450 ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ድግስ ላይ ያለ ሴል መድኃኒቱን ይቋቋማል። ወደ 100 ስታወርደው ያው መጠን ክፉኛ ይጎዳዋል። ሁለት ጽሑፍ አንብበህ ሁለቱ ቢጣሉብህ አይግረምህ፤ መጀመሪያ የፈሳሹን ስኳር እይ።

ቀጥሎ መጠኑን እይ። ሳህን ላይ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው 5 ሚሊሞላርና ከዚያም በላይ ነው (አንድ ሚሊሞላር 1,000 ማይክሮሞላር ነው)። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ማይክሮሞላር በታች ነው። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ ይበልጣል። አንጀትና ጉበት ላይ ከደም ይልቅ ይከማቻል፣ እውነት ነው። ቢሆንም «ካንሰርን ይገድላል» የሚለው ወሬ ሰው ላይ ሲሞከር አልሠመረም። ስኳር በሽታ የሌለባቸው 3,649 የጡት ካንሰር ታማሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ውጤቱ በ2022 ወጣ፤ ሜትፎርሚን የበሽታውን መመለስ አልቀነሰም።

ወደ ኢንሱሊን ስንመጣ፣ አዎ፣ እድገት ያነሳሳል። እኛም ሴል ቶሎ እንዲበዛልን ብለን ፈሳሹ ውስጥ እንጨምረዋለን። የምንጨምረው ግን ደም ውስጥ ካለው ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። በዚያ መጠን ኢንሱሊን ሴሉ ላይ ያለውን የራሱን ተቀባይ ብቻ ሳይሆን አይጂኤፍ 1 የሚባለውን፣ ኢንሱሊን የሚመስል የእድገት ሆርሞን፣ ተቀባይም ያንኳኳል፤ እሱ ደግሞ ዋናው የእድገት በር ነው። በ2009 ግላርጂን የሚባለው ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን ካንሰር ያመጣ ይሆን የሚል ትልቅ ድንጋጤ ተነስቶ ነበር። በ2012 የወጣው ኦሪጂን የተባለው ሙከራ 12,537 ሰዎችን ከ6 ዓመት በላይ ተከታትሎ የካንሰር ጭማሪ አላገኘም። ለእኔ አንድ እንዲህ ያለ ሙከራ ከመቶ ሳህን ይበልጣል። ሳህን ላይ የምሠራው ሰውዬ ነኝ ይህን የምለው!

ሌሎቹን የስኳር በሽታ መድኃኒቶች አንድ ላይ ልጥቀሳቸው። ፒዮግሊታዞን የፊኛ ካንሰር ላለበት ወይም ለነበረበት ሰው አይመከርም። እነ ሴማግሉታይድ አይጥ ላይ የታይሮይድ ዕጢ አውጥተዋል፤ ሰው ላይ እንዲያ ማድረጋቸው አልተረጋገጠም። ሆኖም በቤተሰብ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ካለ ለሐኪም መንገር ግዴታ ነው።

እናትህ ላይ በተግባር ልታየው የምትችለው የሴል ነገር ሌላ ነው። አንደኛ፣ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። ያለ ቢ12 ደግሞ የቀይ ደም ሴል በወጉ አይከፋፈልም። ድካም ወይም የእግር መደንዘዝ ካላቸው «ስኳሩ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ቢ12 ይለካላቸው። ሁለተኛ፣ ኢንሱሊን አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ከቆዳ ሥር ያለው የስብ ሴል ያብጣል። እዚያ ላይ ኢንሱሊን የእድገት መልእክተኛ መሆኑን በእጅህ ዳብሰህ ታገኘዋለህ። እብጠቱ ላይ መውጋት ስለማያም ሰው ይወደዋል፤ ግን መድኃኒቱ እዚያ በትክክል አይሰርግም። ቦታ እየቀያየሩ ይወጉ፣ መርፌውም አይደጋገም። እብጠት ካለባቸውና ወደ ጤናማ ቦታ ሊዞሩ ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ያው መጠን እዚያ በደንብ ስለሚሰርግ ስኳራቸውን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላል።