ቢጫው ለምን ጭቃ መሰለ? ጥቁር ካናቴራ ላይ ለሚታተም ሥዕል ስለ ቀለም ዝግጅት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለጥምቀት የሰፈራችሁ ወጣቶች 150 ጥቁር ካናቴራ አዘዙሽ፤ መስቀሉ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ፣ ከሥሩም ጽሑፍ። ኮምፒውተሩ ላይ ያበራ የነበረው ቢጫ በናሙናው ካናቴራ ላይ ጭቃ መስሎ ወጣ። አታሚው «ዲዛይኑ ነው» አለ፣ አንቺ «ህትመቱ ነው» አልሽ። በመጨረሻም ፋይሉን በአርጂቢ (በኮምፒውተሩ የብርሃን ቀለም) ልላክ ወይስ በሲኤምዋይኬ (በወረቀት ማተሚያው አራት ቀለም) ብለሽ ጠየቅሽ።

አጭሩ መልስ ለዚህ ሥራ በሁለቱም አይደለም የሚል ነው። ረጅሙንም ልጻፈው፤ በስክሪን ህትመት፣ ማለትም ቀለሙን መረብ በተወጠረበት ፍሬም አሳልፎ ጨርቁ ላይ በመግፋት፣ 14 ዓመት ስሠራ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያቃጠለኝ ይኸው የአንቺ ቢጫ ነውና። ፍረድ ካልሽኝ ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ ነው። አታሚው ከቢጫው ሥር ነጭ ሳይቀባ ማተም አልነበረበትም፤ አንቺም ነጩን ፋይሉ ውስጥ ማስቀመጥ ነበረብሽ።

አርጂቢ ብርሃን ነው፤ የኮምፒውተሩ መስታወት ራሱ ስለሚያበራ ቢጫው ይደምቃል። ሲኤምዋይኬ ደግሞ ለነጭ ወረቀት የተሠራ ነው። አራቱ ቀለሞች ስስና ብርሃን አሳላፊ ናቸው፤ ብርሃኑ ቀለሙን አልፎ ወረቀቱ ዘንድ ይደርስና ይመለሳል፣ ለዓይናችን ቢጫ የሚሆነው ያ የተመለሰው ነው። ከሥር ጥቁር ጨርቅ ሲሆን ግን የሚመለስ ነገር የለም፣ ጥቁሩ ይውጠዋል። ስለዚህ ካናቴራውን እንደ ባዶ ገጽ አትዪው። አታሚው ገና ጣሳውን ሳይከፍት የመጀመሪያው ቀለም ተቀብቷል፤ እሱም ጨርቁ ነው።

እኔ ኢለስትሬተርን (የሥዕል ማዘጋጃ ፕሮግራሙን) ስከፍት መጀመሪያ የማስቀምጠው መስቀሉን ሳይሆን ካናቴራውን ነው። ከሁሉም በታች በጨርቁ ቀለም አንድ ሰፊ አራት ማዕዘን ሠርቼ እቆልፈዋለሁ። ከዚያ ሥዕሉ ውስጥ ያለውን ጥቁር ሁሉ እሰርዛለሁ። የመስቀሉ ጥቁር ጠርዝ፣ የፊደሉ ጥላ፣ በሐረጎቹ መካከል ያለው ቀጭን መስመር ሁሉ ይወጣና በቦታው ጨርቁ ይታያል። በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ቀለም የሚያትም ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል። ለቀለሙና ለፍሬሙ ይከፍላል፤ የቀለሙ ጥቁርና የጨርቁ ጥቁር አንድ ስለማይሆኑ ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲወጣ እንደ እራፊ ይለያል።

ቀጥሎ ቀሪውን እቆጥራለሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ፤ አራት ቀለም፣ አራት ፍሬም። እንዲህ ባለው ሥራ አረንጓዴው ከጣሳው ሲወጣም አረንጓዴ ነው፣ ከሌሎች ነጠብጣቦች ተደባልቆ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ስፖት የሚባለውን ዓይነት ቀለም ፍጠሪና ስም ስጪው። ከበይነ መረብ የወረደ ሥዕል ከሆነ በደንብ መርምሪው። ለዓይን አንድ የሚመስል አረንጓዴ ሲቆጠር አሥራ አንድ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን አለ፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ ያለ። ሁሉንም ወደ አንድ ሰብስቢያቸው። ፊልሙ (የእያንዳንዱን ቀለም ቅርጽ በብርሃን ወደ ፍሬሙ የሚያስተላልፈው አሳላፊ ላስቲክ) ሲወጣ ግን አራቱም ድፍን ጥቁር መሆን አለባቸው፤ የፊልም ሥራው ብርሃን መከልከል ብቻ ነውና። የቢጫውን ፊልም በቢጫ ያወጣ አንድ ጀማሪ አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ነጩ። ነጩ ከቢጫው፣ ከቀዩና ከአረንጓዴው ሥር እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ በማድረቂያ ለጥቂት ሰከንዶች ይሞቅና ጣት የማይዝ ሲሆን ሌሎቹ በላዩ ይመጣሉ። ነጩን በትክክል የሥዕሉን ያህል ካደረግሽው ችግር ይመጣል። ካናቴራው ሰሌዳው ላይ በትንሹም ቢሆን ይንሸራተታል፣ ይሳባል፣ ሲሞቅም ይሸበሸባል። ያኔ ነጩ ከመስቀሉ ጎን ብቅ ይላል፣ ልክ ከቀሚስ ሥር እንደሚታይ የውስጥ ጉርድ። ስለዚህ ነጩ ከላዩ ካለው ቀለም በጥቂቱ ማነስ አለበት። በኢለስትሬተር ለነጩ ቅርጽ የ1 ፖይንት ወሰን ሰጥተሽ ወሰኑን ከፊልሙ ብታስወግጂው፣ ወሰኑ ግማሹ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከየጎኑ 0.5 ፖይንት ይቀንሳል፤ ይህም 0.18 ሚሊሜትር ያህል ነው። በእጅ ለሚገፋ ህትመት እኔ ከዚህ ትንሽ እጨምራለሁ። ቢጫው ከቀዩና ከአረንጓዴው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጊ፤ ቢጫው በስሱ ወደ ሁለቱ ሥር ይግባ፣ አታሚውም ቢጫውን ያስቀድም። አለበለዚያ በመካከላቸው ነጭ ክር ይታያል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ለአንድ ቡና ቤት አስተናጋጆች 40 ጥቁር ካናቴራ፣ ደረቱ ላይ በቢጫ ትንንሽ ፊደል «ቡና» የሚል ጽሑፍ። ነጩን በደንብ አሳንሼ፣ በራሴ ረክቼ አተምኩ። ባለቤቱ አንዱን አንስቶ አየና «በና ምንድን ነው?» አለኝ። የቡ ጎን ላይ ያለችው አጭር ጭረት እጅግ ቀጭን ስለነበረች ከሁለት ወገን ሲቀነስባት ነጩ ጨርሶ ጠፍቷል። ቢጫው በቦታው አለ፣ ግን በቀጥታ ጥቁሩ ላይ ስላረፈ ማንም አያየውም። የእኛ ፊደል ነገሩ ሁሉ በእነዚህ ትንንሽ ጭረቶች ነው፤ አንዷ ስትወድቅ ካዕቡ ግዕዝ ይሆናል። ቀለሙ ሲወፍር ደግሞ የቀ ቀዳዳዎችና የም ዓይኖች ይደፈናሉ፤ «ጥምቀት» የሚለው ቃል ውስጥ ሁለቱም እንዳሉ ልብ በይ። ከዚያ ወዲህ ጭረቱ ከ1 ሚሊሜትር በሚያንስ ጽሑፍ ላይ ሁለት ቀለም አልደራርብም። ምንጣፉ ነጭ ራሱ ፊደል ሆኖ ይታተማል፣ ሳይቀነስ፣ ከላዩ ምንም ሳይጨመር። የአንቺንም ጽሑፍ በነጭ አድርጊው፤ ተጨማሪ ፍሬምም አያስፈልገውም።

ፎቶ ወይም እየደበዘዘ የሚሄድ ቀለም ካለሽ ጉዳዩ ቀለሙን በትንንሽ ነጠብጣቦች ወደ መሥራት ይገባል። ለጥምቀቱ ሥራ ስለማያስፈልግሽ ባጭሩ ልለፈው። ሥዕሉ በሚታተምበት ልክ 300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፤ ትንሹን አሳድጎ 300 ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።

ስለ ጨርቁ ግን ሳልናገር አልቀርም። ከዓመታት በፊት ለአንድ የኳስ ቡድን በቀይ ፖሊስተር ማሊያ ላይ ነጭ ቁጥር አትሜ፣ ገና ትኩስ እያለ ደራርቤ በጆንያ ከትቼ ሄድኩ። ጠዋት ስከፍት ቁጥሮቹ ሁሉ ሮዝ ሆነዋል። ፖሊስተር የሚነከርበት ማቅለሚያ ሙቀት ሲያገኝ ወደ ጋዝ ተለውጦ ከላይ ወዳለው ህትመት ይወጣል፤ የተለመደው ፕላስቲሶል ቀለም ደግሞ እስኪበስል 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይፈልጋል። እኔም ትኩሱን ስደራርበው ሙቀቱን አፍኜ ጨረስኩት። ባለሙያው በአነስተኛ ሙቀት የሚበስል ቀለም ወይም ማቅለሚያውን የሚያግድ ግራጫ ምንጣፍ ሊጠቀም ይችላል። ከዲዛይን ወገን ያለው መፍትሔ ግን ርካሽ ነው፦ ቀይ ወይም ቦርዶ ፖሊስተር ከሆነ ከነጭ ይልቅ ጥቁር ምረጪ።

ዲቲኤፍ (ሥዕሉ መጀመሪያ ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት ጨርቁ ላይ የሚለጠፍበት ህትመት) የሚሠራ ቤት ብትሄጂ ደግሞ ከላይ ካልኩት ብዙው ይቀርልሻል፤ ነጩን ማሽኑ ራሱ ያዘጋጃል። ብዙዎቹ ቤቶች በአርጂቢ ይቀበላሉ፣ ጠይቂያቸው። ጀርባው ባዶ የሆነ ፒኤንጂ ስጪ፣ ጥላና ጭጋግ የመሰለ ጠርዝ ግን አታስገቢ። በከፊል የሚያሳልፍ ቀለም ሥር የሚገባው ነጭ የተበተነ ዱቄት መስሎ ይታያል።

አንድ የቀረኝ የቃል ጉዳይ አለ። በስልክ «ቀይ» ብለው አዘውኝ ቦርዶ የፈለጉ፣ «ሰማያዊ» ብለው ከሰማይ እስከ ደማቅ ጥቁር ሰማያዊ ማንኛውንም ሊሆን የሚችል ነገር በልባቸው የያዙ ስንት ደንበኞች አሉኝ። ስለዚህ ቀለም በስም አትዋዋዪ። የፓንቶን መጽሐፍ (እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር ያለበት የናሙና መጽሐፍ) ያለው አታሚ ከሆነ በቁጥር፣ ከሌለው ደግሞ እሱ ራሱ በጨርቅ ቁራጭ ላይ ያተመውን ናሙና እያሳየ ይስማማ። ናሙናውንም ሱቁ ውስጥ በመብራት ሥር አትዪው፤ በር ላይ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው። ወጣቶቹ የሚለብሱት ጥር 11 በጠራራ ፀሐይ ነው።

ለአሁኑ ሥራ አራቱን ፊልሞች ይዘሽ ሂጂና 150ው ከመታተሙ በፊት አንድ ካናቴራ አስወጪ፣ ከሚታተሙት ካናቴራዎች መካከል ተመርጦ። ካናቴራዎቹን ገና ካልገዛሻቸው አንገታቸው ላይ ያለውን መለያ አንብቢ፤ ጥጥ ካላለ ተመልሰሽ እዚሁ ጻፊልኝ። የመስቀሉ ቀጭኑ መስመር ስንት ሚሊሜትር እንደሆነም ለክተሽ ብትጨምሪበት ነጩን በስንት እንደምትቀንሺው እነግርሻለሁ።